ኮከቡ ያልጠፋበት መስመር

ፕሮፌሰሩ ደረጃው ላይ አገኟትና ትከሻዋን ነካ አድርገው «አይዞሽ፣ በማንም ላይ ይደርሳል» አሏት። የአጎቷን መታመም ሰምተው መሰላት። ለሰው ቤት ጉዳይ እንዲህ የሚጨነቁ ሰው ስላልነበሩ ልቧ ተነካ፤ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ደህና ነው» አለቻቸው። እሳቸውም «ጎበዝ! በቃ አናነሳውም፣ ተረሳ» ብለው ወደ ቢሯቸው ወጡ። የሰው ሕመም እንዴት ተረሳ እንደሚባል ለአፍታ ግራ ገባት። የትልቅ ሰው አነጋገር ነው ብላ ተወችው።

የሚሠሩበት የምልከታ ጣቢያ ሥራው ድንጋይ መለካት ነበር። ድንጋዩ ግን ሜትር የሚዘረጋበት ዓይነት አይደለም፤ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር አስትሮይድ ነው፤ በትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ ሲያዩት ከነጥብ አያልፍም። መጠኑንና ቅርጹን የሚያውቁት በጥላው ነው። አስትሮይዱ በአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ለጥቂት ሰከንድ ድርግም ይላል፤ ጥላውም እንደ ደመና ጥላ መሬት ላይ እየሮጠ ያልፋል። ስለዚህ ታዛቢዎች ቴሌስኮፓቸውን ይዘው የጥላውን መንገድ አግድም ይሰለፋሉ፤ ጣቢያ የሚሉት የእያንዳንዱ ሰው ቦታ ከሌላው ብዙ ይራራቃል። እያንዳንዱ ኮከቡ መቼ እንደጠፋና መቼ ተመልሶ እንደበራ ይቀርጻል። ያ ቆይታ ወደ ርዝመት ይለወጥና አንድ መስመር ይሆናል፤ መስመሮቹ እንደ መሰላል ሲደረደሩ የድንጋዩ ቅርጽ ብቅ ይላል። ኮከቡ ሳይጠፋ የቀረበት ታዛቢም በከንቱ አልደከመም። የእሱ መስመር በነጠብጣብ ይሰመራል፤ ትርጉሙም እዚህ ጋ ድንጋይ የለም ማለት ነው። ጭራሽ መስመር የማይሰመርለት መሣሪያው የተበላሸበት፣ ደመና የጋረደበት፣ ወይም ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን ፕሮፌሰሩን በሌሉበት «አባ እንቁላል» ይላቸዋል። እሳቸው የለኩት ድንጋይ ሁሉ መጨረሻው ሞላላ ነውና። «ጠረጴዛ ብትሰጧቸው ዙሪያውን ሞርደው እንቁላል ያደርጉላችኋል» እያለ ሲያሾፍ እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሳቋ ሌላ ድምፅዋን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ሰኞ ጠዋት የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ አዲሱ ሥዕል ተለጥፎ አየች። ከላይ ሦስት ጥቁር መስመሮች፣ ዝቅ ብሎ አንድ ጥቁር መስመር፣ ከሁሉም በታች አንድ የነጠብጣብ መስመር፤ ጥቁሮቹን ሁሉ ያቀፈ አንድ የሚያምር እንቁላል። የእሷ አራተኛው መስመር የለም። መጀመሪያ የማተሚያው ቀለም የደከመ መሰላትና ጠጋ ብላ በጣቷ ዳበሰችው። ወረቀት ብቻ ነው። ጥግ ላይ በደቃቁ «አራተኛ ጣቢያ፦ አልታየም» ይላል።

ያን ጊዜ የደረጃው ወሬ ገባት። ሰውየው ያጽናኗት ስለ አጎቷ አልነበረም።

ተናደደች። ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ ያ የታችኛው ነጠብጣብ ነው። ስድስተኛው ጣቢያ ላይ የነበሩት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው። እሳቸውም ኮከቡ አልጠፋባቸውም፤ ነገር ግን የእሳቸው አለመጥፋት ከእንቁላሉ ውጭ ስለዋለ ማንንም አላስቸገረም። ቦታው ላይ ነበሩ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። የእሷ አለመጥፋት መሃል ላይ ዋለና እንቁላሉን አላስገባ አለ፤ ስለዚህ እሷ አልነበረችም ተባለ።

አራተኛው መስመር የሚያልፈው በአጎቷ ቤት ላይ ነበር። እሷንና ታላቅ እህቷን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸው እሱ ነው፤ ጋሼ ይሉታል። የዚያን ዕለት አመሻሽ የቴሌስኮፑን መቆሚያ ወደ ሰገነቱ ላግዝህ ብትለው «ገና ጎረምሳ ነኝ፣ ዞር በይ» ብሎ ለብቻው ተሸክሞ አወጣው። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ዳር ዳሩ ገና ቀልቶ ሳለ ኮከቡን አገኘችው፤ ጋሼም በዓይኑ አየውና «ይቺን ነው እንዴ እንዲህ የምትጠብቋት?» ብሎ ስቆ ውኃ ሊጠጣ ወረደ። እታች ልብስ ሰፊዋ እህቷ የስፌት መኪናዋን ታንቀሳቅሳለች። ጥላው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የስፌት መኪናው ድምፁን አቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። ጋሼን ልቡን አሞት ነበር፤ ሐኪሞች ደረሱለትና ተረፈ። እህቷ ግን ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ነፍጋታለች።

ከእሷ ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም በነበሩት ጣቢያዎች ኮከቡ እንደጠፋ የሰማችው የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ግራና ቀኙ ጠፍቶ መሃሉ ካልጠፋ፣ ድንጋዩ አንድ አይደለም ማለት ነው። ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ በመካከላቸው ሰማይ ያለ። ቀረጻዋን «ኮከቡ አልጠፋም» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ለፕሮፌሰሩ ላከችላቸው። ከዚያ በላይ መጻፍ እንደ ጉራ ታያት። ሲያዩት ይጠሩኛል ብላ ጠበቀች።

ሰኞ የግድግዳውን ሥዕል እንዳየች ቀጥታ ቢሯቸው ገባች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ እየወለወሉ በደግ ድምፅ አስረዷት። የዚያን ቀን አጎቷ በአምቡላንስ መወሰዱን ሰምተዋል፤ እሳቸውም ቢሆኑ ቴሌስኮፑን ጥለው ይሮጡ ነበር፤ ሰው ያልቆመበት ቴሌስኮፕ ደግሞ ይንሸራተትና ሌላ ኮከብ ይዞ ይቀራል፤ ወይ ቀረጻው የተጀመረው ጥላው ካለፈ በኋላ ይሆናል። በዚህ የሚቀየማት የለም። ደግሞስ እሷ ራሷ ደረጃው ላይ አምናለች። ስሟ ከምስጋናው መካከል አለ፤ ሥዕሉ ከስብሰባው በኋላ ውጤት ወደሚሰበሰብበት ማዕከል ይላካል።

«ቀረጻውን አይተውታል?» አለቻቸው።

«ምኑን ልየው ልጄ? ባዶ ሰገነት ልይ?»

አፏ እንደ ልማዱ «እሺ» አለ። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ የተናደደችው በሰውየው ብቻ አልነበረም፤ በዚያች «እሺ» ጭምር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያችን ቃል እንደ ውለታ ስታድል ኖራለች። በልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን አንተ አለችው። አንተ፣ አለችው፣ ሳታይ ነው የፈረድክብኝ።

ቴክኒሻኑ ከሚሠራበት ክፍል ገብታ እያመነታች ድምፅ ማጉያ እንዲያውሳት ጠየቀችው። ሽቦ ሲበይድ ነበርና ቀና ብሎ አያት። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ የነበረው እሱ ነው። ምስሉን ብቻ ብታሳይ አይበቃም ወይ አላት። እንደማይበቃ እሱም ያውቃል። የሰዓታቸው ጥቅታ የሚቀረጸው ከድምፁ ጋር ነው፤ ድምፁ ከተዘጋ ኮከቡ ይታያል፣ መቼ እንደታየ ግን አይታወቅም። ያኔ ሰውየው ጥላው ካለፈ በኋላ ነው የጀመረችው ቢሉ መልስ የለም።

«ታዲያ ምን አስፈራሽ?» አላት።

«ድምፁ ውስጥ ሰዓት ብቻ አይደለም ያለው» አለችው። ሌላ አልጠየቃትም፤ ማጉያውን ራሱ ተሸክሞ ተከተላት።

ስብሰባው ላይ ፕሮፌሰሩ እንቁላላቸውን አስረድተው አስተያየት ካለ አሉ፤ እንደ ወጉ ወረቀታቸውን መሰብሰብም ጀመሩ። እጇን ስታወጣ ወንበሮች ተንቋቁ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«አራተኛው ጣቢያ ታይቷል» አለች።

«ልጄ፣ ይህንን እኮ ተነጋግረንበታል።»

«አልተነጋገርንም። እርስዎ ስለ ኮከቡ ሲያወሩ እኔ ስለ አጎቴ ነበር የማወራው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀረጻውን ከፈተችው።

ስክሪኑ መሃል ኮከቡ ታየ፤ አጠገቡ ሦስት ደብዛዛ ኮከቦች። የሰዓቱ ጥቅታ ክፍሉን ሞላው። ትንሽ ቆይቶ ከታች፣ ከደረጃው፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«ነይ ውረጂ! ጋሼ ወደቀ!»

«መጣሁ» የሚል የራሷ ድምፅ ተሰማ። ጥቅታው ቀጠለ፤ የእግር ኮቴ ግን የለም።

«ሰምተሻል? አይናገርም እኮ!»

«እታለም፣ አምቡላንስ ጥሪ። አሁን መነሣት አልችልም።»

«ምን አልሽ?»

«ትንሽ ነው የቀረው፤ አሁን ያልፋል።»

«ሰው እየሞተ አንቺ እዚያ ተጎልተሻል? ምን ዓይነት ድንጋይ ነሽ!»

እሷ ስክሪኑን እንጂ ማንንም አላየችም። ጥላው ሦስተኛው ጣቢያ ላይ የደረሰበት ሰዓት መጣ፤ ቴክኒሻኑ በከንፈሩ ሲቆጥር ተሰማ። ኮከቡ ተቀምጧል። እህቷ እታች ስልክ ላይ አድራሻ እየነገረች ታለቅሳለች፤ ኮከቡ ተቀምጧል። ሰዓቱ አለፈ። ከዚያ ወንበር ወደቀ፣ የሚሮጥ እግር ደረጃውን ወረደ፣ ጥቅታው ብቻ ቀረ።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚያው ነበርሽ ማለት ነው» አሉ።

«ነበርኩ።»

«ኮከቡ ትክክለኛው ለመሆኑ ግን...»

«ሦስቱ ጎረቤቶቹ አሉ፣ ፕሮፌሰር» አለ ቴክኒሻኑ። «ሰፈሩ ያው ነው፤ እኔም እዚያው ሰፈር ነበርኩ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ዞሩ። «ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ልኬልዎት ነበር፤ አልከፈቱትም። በማንም ላይ ይደርሳል አሉኝ። በእኔ ላይ ግን አልደረሰም። እኔ ያሳደገኝን ሰው መሬት ላይ ትቼ ነው ያየሁት። ልክ ሠራሁ አልልም፤ እሱን ከእህቴ ጋር እንጨርሰዋለን። ማየቱን ግን አይቻለሁ። እርስዎ ቁጭ ብለው ያዩት ነጠብጣብ ከተሰመረ፣ የእኔም ይሰመራል።»

ተነሣችና ማስመሪያና እስክሪብቶ ይዛ ግድግዳው ላይ ያለውን እንቁላል ከዳር እስከ ዳር በነጠብጣብ አቋረጠችው። ከላይ ትልቁ ቀረ፣ ከታች ትንሹ። ቴክኒሻኑ በሹክሹክታ «ተሰበረ» አለ። የዛሬው ቀልድ አላሳቃትም።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ሥዕሉን አዩት። በመጨረሻ ሁለት ነው ማለት አለብን አሉ፤ ይቅርታ ግን አላሉም። ሰው ሲወጣ ወደ ኋላ አስቀሯትና በዚያው በደጉ ድምፃቸው፣ ቀረጻው ከመላኩ በፊት የቤቱን ጉድ ቆርጠው ሊያወጡላት እንደሚችሉ ነገሯት፤ ለእሷው ክብር ብለው ነው። የቆመ የመሰላት ንዴት እንደገና ተቀጣጠለ። ሰውየው ሲበድላትና ሲያዝንላት የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃታት።

«የተቆረጠ ቀረጻ ማን ያምናል?» አለቻቸው። «እንዳለ ይሂድ።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ድንጋዮች ያሉበት ሥዕል ከነድምፁ ቀረጻ ጋር ተላከ። እሷ ከሥራ ወጥታ ጋሼ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችው እህቷ ናት፤ ድምፅዋን ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እንደሰማው፣ ነገም የማታውቃቸው ሰዎች እንደሚሰሙት እዚያው ደጃፉ ላይ ነገረቻት። እህቷ «ማንን አስፈቅደሽ?» አለቻትና በሩን ዘጋችባት። እሷም ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጋሼ ከውስጥ እስኪጠራት ድረስ አልተነሣችም።