ፌስታል የማይገባበት ቤት

ሸጊቱ የሞተችው ከመስቀል በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ሸጊቱ ላም ናት። ጥቁርና ነጭ የሆነች የፎገራ ላም ስትሆን፣ የቤቱ እመቤት የሙናዬ አባት አቶ ካሴ የልጅ ልጃቸው ፀደይ ክርስትና የተነሣች ለት፣ ጊደር ሳለች ከመንደራቸው ከቁሐር ሚካኤል እየነዱ ወረታ ድረስ አምጥተው የሰጧቸው ነበረች። ቤቱ ለሰባት ዓመት ወተት ገዝቶ አያውቅም።

መጀመሪያ መብላት አቆመች። ቀጥሎ ሆዷ ተነፋ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሁለት ቀን ተመላልሶ መድኃኒት አጠጣት፤ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ይዞ ሲመጣ ሞታ አገኛት።

"ከመጣሁ አይቀር ልክፈታት" አለ።

ከፈታት። ከጨጓራዋ ውስጥ ትራስ የሚያህል፣ እርስ በርሱ የተተበተበ ነገር አወጣ። ፌስታል ነበር።

የሙናዬ ባል እሱባለው ከደሴ ተመድቦ መጥቶ ወረታ የቀረ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። አንድን ነገር ሳያጣራ መተው አይሆንለትም። የወጣውን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈው፣ በሳሙና አጠበው፣ አንድ በአንድ ለያየው፤ ከዚያም የፀደይ ዩኒፎርም በተሰጣበት ገመድ ላይ አሰጣው። ስልሳ አንድ ፌስታል ሆነ። ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ባለ መስመር አለ። ሁለቱ ላይ "እንኳን ለአዲሱ ሚሊኒየም አደረሳችሁ" የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው፤ ሚሊኒየሙ ከባተ ዓመት አልፎታል፣ ጽሑፉ ግን አልደበዘዘም። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ እያየ አለፈ። ማንም ምንም አልጠየቀም። የአስተማሪ ቤት ነው።

ሙናዬ ገመዱ ሥር ቆማ አየች። ከስልሳ አንዱ ዘጠኙ አፋቸው በአንድ ዓይነት ተቋጥሯል፤ ሁለቱ ጆሮ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ የተረፈው ጫፍ ወደ ውስጥ ተሰክቷል። እንዲህ የምትቋጥር እሷ ናት። እናቷም የስልቻ አፍ ሲያስሩ እንዲሁ ነበር። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ እንዲህ ቋጥራ ከአጥሩ ጀርባ ትጥላለች፤ ሸጊቱም ከአጥሩ ጀርባ ትውላለች።

ዘጠኙን ለቅማ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። እሱባለው ሲመለስ ቢቆጥር ሃምሳ ሁለት ሆነበት። ነፋስ ወስዶታል ብሎ ተወው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱባለው ስብሰባ ጠራ። በዚያን ዘመን መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ቀበሌውም የሚኖረው በስብሰባና በግምገማ ነበር፤ አነጋገሩ ሰውን ሳያውቀው ቤቱ ድረስ ይከተለው ነበር።

"አጀንዳው አንድ ነው" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ፌስታል እዚህ ቤት አይገባም። አስተያየት ካለ?"

"ስኳሩ በምን ይምጣ?" አለች ሙናዬ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአፈጻጸሙ ጋር የሚታይ ይሆናል።"

"አፈጻጸሙ ማን ነው?"

"አንቺ ነሻ። ገበያ የምትሄጂው አንቺ አይደለሽ?"

ቃለ ጉባኤ የያዘችው ፀደይ ነበረች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብላ ጻፈች። ድምፅ የሰጠ ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሙናዬ ዘንቢል፣ ሁለት የጨርቅ ከረጢትና አንድ ጣሳ ይዛ ወጣች። ሩዙ አላስቸገራትም፤ በከረጢቱ ተሰፈረላት። ቲማቲም ሻጯ ግን ኪሎውን መዝና በፌስታል አድርጋ፣ ፌስታሉን ዘንቢል ውስጥ አስቀመጠችላት።

"ፌስታሉን አውጪልኝ።"

"በነፃ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። አልፈልግም።"

ሴትዮዋ ተቀየመች። ቲማቲሙን ከትከሻዋ ከፍ አድርጋ ገለበጠችው፤ ቤት ሲደርስ ግማሹ ለሰላጣ የሚሆን አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሰፈሩ ባለሱቅ ወደ ይሁኔ ሄደች። ይሁኔ ስኳሩን ጠዋት ጠዋት መዝኖ፣ በፌስታል አስሮ ነው የሚደረድረው። ጣሳዋን አየና፣ "ፈትቼ ልገልብጥልሽ?" አላት። ፈትቶ ገለበጠላት። ባዶውን ፌስታል በመስኮቱ ወደ ውጭ ጣለው፤ ነፋስ አንሥቶ አስፋልቱን አሻገረው። ሙናዬ ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው።

ይህንን ለእሱባለው ስትነግረው "ቤታችን አልገባም፤ ስለዚህ በእኛ አይቆጠርም" አለ። ፀደይም እንደዚያው ጻፈች። ሙናዬ ግን ያ ፌስታል የማን ከብት ዘንድ እንደሚደርስ ስታስብ ዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሥጋ አማራቸው። ሥጋ ቤቱም ሥጋ የሚሰጠው በፌስታል ነው። ሙናዬ ትልቁን ድስት ከነክዳኑ አነሣች፤ አቧራ እንዳይገባበት በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው፣ ነጠላዋን ደረበችና ወጣች። በወረታ በሥራ ቀን፣ በቀትር፣ የተሸፈነ ድስት ይዛ በፍጥነት የምትሄድ ሴት አንድ ቦታ ብቻ ነው የምትሄደው፤ ለቅሶ ቤት።

እትዬ ይታይሽ ከበራቸው ላይ ሆነው አዩዋት። ወደ ሰፈሩ ከገቡ ወር አልሞላቸውም።

"ውይ ልጄ! ማን ሞተ?"

ሙናዬ ስለ ሸጊቱ ሰምተው ሊያጽናኗት የፈለጉ መሰላት። "ሸጊቱ ናታ፣ እትዬ። አልሰሙም እንዴ?"

"በስመ አብ! ምን አገኛት?"

"ሆዷን። ሦስት ቀን ነው የታመመችው።" ቸኩላ ስለነበር በዚህ አለፈች።

ሥጋ ቤት ወረፋ ነበር። አንድ ኪሎ ሥጋዋን በድስቱ ይዛ ስትመለስ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አራት ሴቶች ደጇ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አሥር ሰዓት ሲሆን አሥራ ስድስት ደረሱ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መንደሩን ሊዞር ተነሥቶ የሟቿን የአባት ስም ቢጠይቅ የሚያውቅ ስለጠፋ ቆመ እንጂ፣ ድንኳንም ይተከል ነበር። ሙናዬ "ላም ናት" ብላ ተናገረች፤ አንዷ ሴት "አይዞሽ፣ ኀዘን እንዲህ ያናግራል" ብላ እጇን ያዘቻት።

እሱባለው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግቢው ሞልቷል። ነገሩ ሲገባው አልተናደደም፤ የተሰበሰበ ሕዝብ አገኘ። ሃምሳ ሁለቱን ፌስታሎች አውጥቶ ስለ ጨጓራ አራት ክፍሎች፣ ስለ ማመስኳትና ስለ ፌስታል አለመበስበስ አርባ ደቂቃ አስረዳ። ከለቅሶ ቤት ቶሎ መነሣት ነውር ስለሆነ የሄደ ሰው አልነበረም። ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ "ያም ሆነ ይህ ነፍሷን ይማር" አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ሥጋውም ለእነሱ ወጥ ሆኖ አለቀ።

ወሬው ግን እዚያ አላበቃም። ከለቀስተኞቹ በፊት ከሰፈሩ የወጣ አንድ ገበያተኛ ቁሐር ሚካኤል ይዞት ገባ፤ "ሙናዬ ቤት ሴት ሞታለች" ብሎ።

በማግሥቱ ማለዳ ሙናዬ ደጁን እየጠረገች ሳለ አባቷ በሩን ገፍተው ገቡ። ሁለት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ፣ ፊታቸው አብጧል። እሷን ሲያዩ ቆሙ። ለሰላምታ አፋቸውን አልከፈቱም።

"ፀደይ ናት?" አሉ።

"ፀደይማ ትምህርት ቤት ሄደች፣ አባባ። ምነው?"

አቶ ካሴ በአጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። በዚያ ቤት ያሉት ሴቶች ሁለት ናቸው፤ መንገዱን ሁሉ የትኛዋ እንደሆነች ሲያስቡ ነው የመጡት። አሁን ሁለቱም አሉ። ሙናዬ ውኃ አምጥታ እግራቸውን አጠበቻቸው።

"ታዲያ ማን ናት የሞተችው?"

"ሸጊቱ።"

"ሸጊቱ" አሉ፣ ስሙን እንደሚያጣሩ ሁሉ።

ያን ጊዜ ሙናዬ ለባሏ ያልተናገረችውን ተናገረች። ልጣጩን፣ ቋጠሮውን፣ ምድጃ ውስጥ የጨመረቻቸውን ዘጠኝ ፌስታሎች ነገረቻቸው። ባለሱቁ በመስኮት ጥሎት አስፋልት ስለተሻገረውም አልደበቀቻቸውም። "እኔ ነኝ የገደልኳት" አለች።

አቶ ካሴ እግራቸውን ከውኃው አላወጡም።

"እኛ ዘንድ" አሉ በመጨረሻ፣ "የጎርፉ ውኃ ከሸሸ ወዲህ ፌስታሉን ሩዙ ላይ ተሰቅሎ ነው የምናገኘው። ጥቁር ወፍ የሰፈረበት ነው የሚመስለው። ጎረቤታችን ኃይለ ሚካኤል ሁለት ጥጃ ሞቱበት። የሰው ዓይን ነው ብለን ጠበል አስረጨን።" ቁርጭምጭሚታቸውን በውኃው አሹ። "ከባሕር ዳር ነበር የሚመጣ የሚመስለን።"

"ባሕር ዳር ሩቅ ነው፣ አባባ።"

"ሩቅ ነው እኮ። ጎርፉ ግን በናንተ በኩል ነው የሚመጣ።"

እግራቸውን አደረቁ። አልገሠጿትም፣ አላባበሏትምም። "እኔ ዘንድ አሥራ አንድ ከብት አለ" አሉ። "አንቺ አስፋልት ያሻገርሽው እኔ ዘንድ ይደርሳል። ባለሱቁ የት ነው?"

ይሁኔ ሽማግሌውን ሲያይ ተነሣ። አቶ ካሴ ለከብት የሚሆን ጨው ጠየቁና ከትከሻቸው አቁማዳ አውርደው አፉን ከፈቱ። ይሁኔ ጨው የሞሉ ፌስታሎችን እየፈታ ገለበጠላቸው፤ አምስቱን ባዶ ወደ መስኮቱ ሲያነሣ እጁን ያዙት።

"እሱን ለኔ ስጠኝ። አለዚያም እኔው ዘንድ ይመጣል፤ መንገዱን ላሳጥርለት።"

ይሁኔ ሊስቅ ፈልጎ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። "በምን ልሽጥ ታዲያ፣ አባቴ?"

"ድሮ በምን ትሸጥ ነበር?"

"በወረቀት። አሁን ግን ወረቀት ከየት ይመጣል?"

"ወረቀት እኛ ቤት አለ" አለች ሙናዬ።

ነበር። እሱባለው የስድስት ዓመት የፈተና ወረቀት አልጋ ሥር በካርቶን አስቀምጦ ነበር፤ ለምን እንደሚያስቀምጠው ጠይቃው አታውቅም። ካርቶኖቹን በጋሪ አስጭና ለይሁኔ ወሰደችለት። ይሁኔም ወረቀቱን እየጠቀለለ ስኳሩን፣ ምስሩን፣ በርበሬውን ይሸጥበት ጀመር። ፌስታሉን የሚፈልግ ሰው አሁንም ይጠይቅ ነበር፤ ይሁኔም ይሰጥ ነበር፤ ሳይጠየቅ ግን አይሰጥም።

በሁለተኛው ሳምንት የይሁኔ ሱቅ በተማሪ ተጨናነቀ። ከዚያ በፊት አንድም ስኳር ገዝቶ የማያውቅ ልጅ ሩብ ኪሎ ስኳር ይገዛል፤ ወረቀቱን ዘርግቶ አይቶ "ይኸ የዘጠነኛ ክፍል ነው፤ የአሥረኛው የለህም?" ይላል። ይሁኔ ምክንያቱ አልገባውም። ያላቸውን እየፈለገ ይጠቀልልላቸው ነበር።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲታረም ከእሱባለው ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች ሃምሳ አንዱ ከሰማንያ በላይ አገኙ። በትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ በአርአያነት ተጠቀሰ፤ የአሠራር ዘዴውን እንዲያካፍልም ተጠየቀ። እሱም አካፈለ፤ ሃያ ደቂቃ ተናገረ።

ከዚያ ቤት መጥቶ ሻይ ሊጠጣ ስኳሩን ሲፈታ፣ በራሱ ቀይ እስክሪብቶ የታረመ የልብ ሥዕል አገኘ።

ወረቀቱን ገለበጠው። ጣሳው ሥር የነበረውንም ፈታው። ሙናዬ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየችው።

"ጥያቄው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው እንዴ?" አለችው።

"የሰው ልጅ ልብ በየዓመቱ አይቀያየርም" አለ እሱባለው።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባውን የመራችው ሙናዬ ናት። እሱባለው በግለ ሂስ ጀመረ። ተራዋ ሲደርስ እሷም ስለ ቋጠሮው ተናገረች፤ ፀደይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እናቷን አየቻት፣ ያን አልጻፈችውም። እሱባለው ሚስቱን ረዘም ላለ ጊዜ ካየ በኋላ "ነፋስ አይደለማ" ብቻ አለ፤ ተነሥቶም የሽንኩርቱን ልጣጭ ለጎረቤት በግ በሳህን ወሰደ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ፈተና ማውጣት ያዘ። አስቸገረው። ይሁኔ ደግሞ ወረቀት ሲያልቅበት ከጂኦግራፊ አስተማሪው ጋር ተነጋገረ።

ቤቱ ፈጽሞ ከፌስታል ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። መኮሮኒ በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ እንግዳም ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ እንግዳን መመለስ አይቻልም። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ሙናዬ ቁሐር ሚካኤል ሄዳ ከአባቷ ጋር በሩዙ ዳር ስትሄድ፣ ጥቁሩ ነገር አሁንም እዚህም እዚያም ተሰቅሎ ነበር።

"ቀንሷል?" አለች።

"እንጃ" አሉ አቶ ካሴ። "ዘንድሮ ጎርፉም አንሷል።"

አንዱን ከሩዙ ላይ አውርደው ኪሳቸው ከተቱት። ወዲያ ማዶ ጥቁርና ነጭ የሆነች ጊደር ትግጣለች። ሙናዬ ብዙ ጊዜ አየቻት።

"አባባ፣ ያችን..."

"እናያለን" አሉ አቶ ካሴ፤ ወደ ሌላው ፌስታል አለፉ።