ከታኅሣሥ ሃያ ሁለት በኋላ

አባቴ መሐመድሁሴን ቀን በማስላት የታወቀ ሰው ነበር። የኛን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ሂጅራ፣ ወረቀት ሳይነካ በቃሉ ይመልሳል። ሥራው ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ኦፕፊኮን በሚባል ቦታ ካለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ጥገኝነት ለሚጠይቁ ያገራችን ሰዎች በጀርመንኛ ያስተረጉማል። በዙሪክ ዙሪያ ያለ ሐበሻ ያልገባው ደብዳቤ ሲደርሰው ወደኛ ቤት ይዞ ይመጣል። አባቴ ይህን ይወደው ነበር። መውደዱንም ያውቅ ነበር።

ሁልጊዜ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከመስገጃው ሳይነሳ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ የወሰደው ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው፣ ወሎ ሳለ ቁርአን ያቀሩት ሸኽ ያስተማሩት መሆኑን ነገረኝ። «የልብህ በር ላይ ቁጭ በል፤ የሚገባውን እየው እንጂ አትጣላው፤ ስሙን ብቻ ጥራው» ብለውት ነበር። እሱም የገባውን በስሙ ይጠራል፦ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ የቁርስ ሐሳብ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ኩራት እንደሆነ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሌላ ልብስ ለብሶ እንደሚመጣ ይነግረኝ ነበር።

በፈረንጅ 1995 የጸደይ ወራት፣ እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዙሀራ የምትባል የደሴ ሴት ደብዳቤ ይዛ ከጄኔቫ ወደኛ ቤት በባቡር መጣች። የምትኖረው እዚያው ጄኔቫ፣ ሻትሌን የሚባል ሰፈር ነው። መጀመሪያ ቃሏን የሰጠችው ግን እዚህ፣ በአባቴ አስተርጓሚነት ነበር። ሁለተኛውን ጄኔቫ በፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ሰጠች። አሁን ማመልከቻዋ ውድቅ ሆኗል። ባሏ ከቤት የተወሰደበትን ቀን አንድ ጊዜ ጃንዋሪ 4፣ 1991፣ ሌላ ጊዜ ጃንዋሪ 4፣ 1992 ብላለች፤ ስለዚህ አትታመንም ይላል ደብዳቤው። ይግባኝ ለማለት አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ካለፈ ከአገር ትወጣለች።

ጄኔቫ ያስተረጎሙላት ጋሽ ኅሩይ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአዲስ አበባ አስተማሪ ናቸው፤ ቀን ሲነገራቸው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በጣታቸው እየሄዱ ይቆጥራሉ። አባቴ በሰው ፊት «ጋሽ ኅሩይ ቆጥረው እስኪጨርሱ ዘመን ይለወጣል» እያለ ያስቅባቸው ነበር። ያን ቀንም ደብዳቤውን አንብቦ ሳይጨርስ፣ «ይቺ የጋሽ ኅሩይ ወረቀት ሥራ ናት» አለና ሳቀ። ዙሀራ አልሳቀችም።

ወዲያው ይግባኙን በጀርመንኛ ያስጽፈኝ ጀመር። የጄኔቫው አስተርጓሚ እንደተሳሳተ ጻፍኩ። ቀጥሎ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ለማሳየት ጮክ ብሎ ማስላት ያዘ። ዙሀራ የተናገረችው ታኅሣሥ 25 ቀን 1984 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት ይጨመራል፣ ከጥር ወዲህ ስምንት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የፈረንጅ አዲስ ዓመት የሚገባው ግን ታኅሣሥ ሳያልቅ ነው፤ በዚያ ዓመት የገባው ታኅሣሥ 22 ነበር። ከዚያ በኋላ ላለው ቀን ስምንት ነው የሚጨመረው። አባቴ እዚህ ሲደርስ ማስላቱን አቆመ። ጣቶቼን ከጽሕፈት መኪናው አንስቼ ጠበቅሁ።

«ነገ እንጨርሰዋለን» አለ።

በማግሥቱ ከሰላት በኋላ እንደ ልማዱ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓቱ አለፈ። ወደ ሥራ የሚወስደው አውቶቡስ አለፈ። ቀጥሎ የሚመጣውም አለፈ። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ጀርባውን አያለሁ። ሲነሳ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር፤ ድምፁ ግን ደህና ነበር። የልቡ በር ላይ ማን እንደመጣ ነገረኝ። መጀመሪያ የመጣው፣ ዙሀራ ራሷ አቆጣጠሩ ተምታቶባት ነው ብለህ ጻፍ የሚል ነበር። ማንም አያውቅም፤ አባቴ የሰጠችውን ቃል መልሶ ሲያነብላት ያነበበው በአማርኛ፣ ባገራችን አቆጣጠር ትክክለኛውን ቀን ነው፤ እሷም ፈርማለች። እሱን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነበር። ሁለተኛው ግን እያዘነ መጣ። አስተርጓሚው ስቷል ከተባለ እስከዛሬ ያስተረጎምክላቸው ሰዎች ቃል ሁሉ ይጠረጠራል፤ ለነሱ ስትል ዝም በል አለው።

«ረጅም ሰዓት የፈጀብኝ እሱ ነው» አለኝ። «ርኅራኄ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው ስለነሱ አንድ ስም እንኳ አይጠራም። የሚጠራው የኔን ስም ብቻ ነው።»

እኛ ቤት ያደረችው ዙሀራ ከእንቅልፏ ስትነሳ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ የተሳሳተው እሱ መሆኑን፣ ሰባት የጨመረው ስምንት መጨመር ሲገባው እንደሆነ ነገራት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ስለዚህ ቀኑን አልረሳሁትም?» አለች። «ደብዳቤው ከደረሰኝ ወዲህ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ፣ ባሌ የተወሰደበትን ቀን የምትረሳ ምን ዓይነት ሴት ነኝ ስል ከርሜያለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

አባቴ ይህን አላሰበውም ነበር። አንገቱን ደፋ። «አፉ በይኝ፣ ልጄ» አለ። እሷም አፉ አለችው።

ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩ። ስሙን፣ ስህተቱን፣ ስሌቱን በአንድ ገጽ አስጻፈኝ። ሦስታችንም ጄኔቫ ሄድን፤ ጋሽ ኅሩይ ስሌቱን አይተው እንዲፈርሙበት። ፓኪ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ካፌ አገኘናቸው። አባቴ ከስህተቱ በፊት ቀልዱን ነገራቸው፤ በሰው ፊት ምን እያለ ያስቅባቸው እንደነበር፣ ቃል ሳያስቀር። ጋሽ ኅሩይ መነጽራቸውን እየጠረጉ ሰሙት።

«ደርሶኛል» አሉ። «ደግ ደጉን ብቻ የሚያደርስ ሰው የት ይገኛል።»

ከዚያ ወረቀታቸውን ዘርግተው በጣታቸው ቆጠሩ። ማንም አላጣደፋቸውም። ጨርሰው ፈረሙና ደብዳቤውን ለአባቴ ሲመልሱለት እጁን ያዙት።

«አንተ ፈጥነህ ተሳሳትክ። እኔ ቀስ ብዬም ተሳስቼ አውቃለሁ፣ መሐመድ። ደብዳቤ ግን አልጻፍኩም።»

አባቴ ወረቀታቸውን እንዲገለብጥ ለመናቸው። እዚያው ካፌው ውስጥ፣ እንደ ተማሪ አጎንብሶ ገለበጠው።

የዙሀራ ጉዳይ እንደገና ታይቶ በመስከረም ፈቃዷን አገኘች። አባቴን ግን ከዚያ ወዲህ ለማስተርጎም የጠራው የለም። እንደማይጠሩት ደብዳቤውን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ሲከተው ያውቅ ነበር።

ያን ቀን ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ ስንመለስ በባቡሩ መስኮት ሐይቁን እያየ ብዙ ተጓዘ። ሎዛንን እንዳለፍን ብቻውን ሳቀ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«መጣ» አለኝ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። አሁን ደግሞ ምን ለብሶ እንደመጣ ታውቂያለሽ፣ ሉበና? 'እንዳንተ ያለ ትሑት ሰው የት አለ' እያለኝ ነው።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ስሙን ጠራሁት» አለ፤ የገለበጠውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣና ከታኅሣሥ ሃያ ሁለት ጀምሮ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።