በሕሩይ ስም የተጻፈ ሽንፈት

"ስክሪኑን ወደ እኔ ያዙሩልኝ" አለችው በሩ ላይ ቲኬት የምትቀበለው ልጅ።

ሕሩይ ስልኩን አዞረው። ማሽኑ ጢጥ አለ። ከኋላው የተሰለፉት እየገፉት ወደ ውስጥ ገባና ግራና ቀኝ እያየ ቆመ። ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ዴንቨር ሃያ ስምንት ዓመት ሲኖር፣ ያውም ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ተከራይቶ ሳለ በእግሩ የሚደርስበት ሆኖ፣ ይህን ስታዲየም ረግጦት አያውቅም። ቤዝቦልን የሚያውቀው በሬዲዮ ነው። የአውሮፕላን ተጓዦችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ሬዲዮው በየቀኑ የከተማው ቡድን መሸነፉን ይናገራል፤ ተሳፋሪዎቹ ይስቃሉ። ቡድኑ ዘንድሮ መቶኛውን ሽንፈት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። አምናም ካቻምናም ከመቶ ጊዜ በላይ ተሸንፏል።

ዛሬ ለዚህ ቡድን ኳስ የሚወረውረው የእሱ ልጅ ነው።

ቃለአብ የደወለው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። "አባ፣ ጠርተውኛል። ነገ ዴንቨር ነው የምወረውረው" አለ።

"ማነው የጠራህ?" አለ ሕሩይ።

"ቲሙ። ትልቁ ቲም። አንዱ ፒቸር፣ ኳስ ወርዋሪው፣ ትከሻውን ተጎዳ፤ ሌላ ሰው አልነበራቸውም።"

ሕሩይ ከዚህ ሁሉ የያዘው የመጨረሻውን ነበር። ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ይህን ያህል ጊዜ የተሸነፈ ቡድን፣ ሰው ሲያጣ የሚጠራው መሆን ክብር ነው ወይስ ውርደት? ሲያገላብጠው አደረ፤ አልለየለትም።

ልጁ ስድስት ዓመት ሙሉ በትንንሽ ከተሞች፣ ሕሩይ ስማቸውን በማይዛቸው ቡድኖች ውስጥ ሲወረውር ኖሯል። የመጨረሻው አልበከርኪ ነበር። ኢንጂነሪንጉን ከሁለተኛ ዓመት አቋርጦ ሲሄድ ሕሩይ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። "ይሄ ነገር አይገባኝም" ብሎ ዝም አለ። ዝምታው በዚያው ቀጠለ። እናቱ ስምረት አልፎ አልፎ እየሄደች አይታዋለች፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልሄደም። ዛሬም መምጣት የነበረባት እሷ ነበረች። ጎረቤት ከተማ አውሮራ በምትሠራበት የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ግን የሚተካት ሰው አጣች፤ ሕመምተኞቹን ማሽን ላይ ትታ መውጣት አትችልም። ጠዋት የሥራ ልብሷን እየለበሰች፣ "አንተ ትሄዳለህ" አለችው። "ልጄ ቀና ሲል ሰው እንዳያጣ። እየደወልክ ትነግረኛለህ።"

ወንበሩ ከሜዳው ብዙም የራቀ አልነበረም። አጠገቡ ወይን ጠጅ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሰባውን ያለፉ ነጭ ሴትዮ ጭናቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው በእርሳስ ይጽፋሉ። ድምፅ ማጉያው "ኬይሌብ ሃይሩዊ" ብሎ ሲጣራ ሕሩይ ስለማን እንደሚወራ አላወቀም። አንድ ረጅም ወጣት ወደ ሜዳው መሀል ሮጠ፤ የአፈሩ ጉብታ ላይ ወጣና ጀርባውን ሰጠ። ጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ሕሩይ ነበር። የልጁ የአባት ስም በዚህ አገር የቤተሰብ ስም መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ ስንቴ አይቶታል። ሃያ ምናምን ሺህ ሰው ፊት ግን አይቶት አያውቅም።

"ልጄ ነው" አለ ሳያስበው።

ሴትዮዋ እርሳሳቸውን አነሡ። "የትኛው?"

"የሚወረውረው።"

እሱን አዩት፣ ልጁን አዩት። "ጆይስ እባላለሁ" አሉ። "ስሙን የጠሩት ትክክል አልመሰለኝም። እንዴት ነው የሚባለው?"

"ሕሩይ።"

ሁለት ጊዜ ሞከሩት፤ ሁለቱንም ሳቱት። ተስፋ ቆርጠው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያው መቺ ኳሱን ወደ ላይ ላከው፤ ኳሱ ከኋላ ተመልካቹ መሀል ወደቀ። "ተመታበት?" አለ ሕሩይ።

"ከመስመር ውጭ ነው። ለልጅዎ ጥሩ ነው።"

ቀጥሎ ኳሱ በጣም ርቆ ሄደ። ሩቅ የቆመው ተጫዋች ሮጦ ያዘው፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። "ይኼስ?"

"ይሄም ጥሩ ነው። መቺው ወጣ፤ ተራው አበቃ።"

"ሩቅ ሄደ እኮ።"

"ከተያዘ ሩቅ ቢሄድ ምንም አይደለም።"

ሌላው መቺ ደግሞ ዱላውን ሳያንቀሳቅስ ቆሞ ኳሱ አለፈው፤ ዳኛው ክንዱን ሰነዘረ፣ ሰውየው እየተነጫነጨ ሄደ። "ይሄኛው አልመታም፤ ታዲያ ለምን ይሄዳል?"

"ስላልመታ ነዋ" አሉ ጆይስ።

ዙሩ አልቆ ተጫዋቾቹ ሲገቡ ስምረት ደወለች። "እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው ይላሉ።"

"እነማን?"

"አጠገቤ ያሉ ሴትዮ።"

"አንተስ ምን ታያለህ?"

ሕሩይ ሜዳውን አየ። "መሀል ላይ ቆሞ ነበር። አሁን ሁሉም ገብተው ተቀመጡ።"

"ሕሩይ፣ እያሸነፈ ነው ወይስ እየተሸነፈ?"

"ዜሮ ለዜሮ ነው" አለ፣ ሰሌዳው ላይ የሚገባውን ብቸኛ ነገር አግኝቶ።

በሁለተኛው ዙር መቺዎቹ ሮጠው በሚቆሙባቸው ሦስቱም ማዕዘን ላይ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች ቆሙ። ይህ መጥፎ መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ ከሰዉ ዝምታ አወቀው። ኳስ የሚቀበለው ልጅ ተቀምጦ በጣቶቹ ምልክት ሰጠ። ቃለአብ እንቢ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ተቀባዩ ሌላ ምልክት ሰጠ። ቃለአብ አሁንም ነቀነቀ። ሕሩይ ያንን መነቅነቅ ያውቀዋል። ሞንትቤሎ ባለው ቤታቸው፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ "ትምህርትህን ጨርስና ከዚያ ሂድ" ሲለው እንዲሁ ነበር ያደረገው፤ ሳይቆጣ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። ሦስተኛው ምልክት ሲመጣ ቃለአብ ተቀበለና ወረወረ። ኳሱ መሬት ለመሬት ሄደ፤ አንዱ አነሣው፣ ለሌላው ወረወረው፣ ያ ደግሞ ለሦስተኛ። ሕዝቡ ብድግ አለ። ሕሩይም አብሮ ተነሣ፤ ለምን እንደተነሣ ግን አላወቀም።

"ሁለት ሰው በአንድ ኳስ አስወጣ" አሉ ጆይስ። "ከጉድጓድ ወጣ።"

በሦስተኛው ዙር ግን አልወጣም። ሁለት ሰዎች ምንም ሳይመቱ በእግራቸው ወደ ማዕዘኑ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው፤ ይህን ሕሩይ ሊረዳው አልቻለም። ቀጥሎ አንድ ወፍራም መቺ ኳሱን ሲያገኘው የወጣው ድምፅ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይለይ ነበር። ሕሩይ የሚይዘውን ሰው ጠበቀ። የሚይዘው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሞ ቀረ። ኳሱ ከአጥሩ ማዶ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ። ማዕዘን ላይ የቆሙትም አብረው ተቆጥረው አምስት ለዜሮ ሆነ።

"በል እንጂ ሃይሩዊ" አለ አንድ ሰው ከኋላው። ከዚያ ለጓደኛው፣ "እንዲህ ዓይነቱን ከየት ነው የሚያመጡት?"

ሕሩይ ዞረ። ቢራ የያዘ ጎልማሳ ነው። "ከአውሮራ" አለው።

"ምን አሉ?"

"አውሮራ ነው የተወለደው። ልጄ ነው።"

ሰውየው ፊቱ ቀላ። "ይቅርታ ጌታዬ። አላወቅሁም" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "መልካም ክንድ አለው" ሲል ጨመረ። ሕሩይ ይህንንም ማመን ይኑርበት አይኑርበት አላወቀም።

አሠልጣኙ ቀስ እያለ ወደ ሜዳው ወጣ። ከቃለአብ እጅ ኳሱን ተቀበለና ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ቃለአብ መሬት መሬት እያየ ሲወጣ ጆይስ ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ሌሎችም እዚህም እዚያም አጨበጨቡ።

"ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?"

"የመጀመሪያ ቀኑ ነዋ።"

"ተሸነፈ ማለት ነው?"

"ገና ነው። ቡድኑ አንድ ጊዜ እንኳ እኩል ከሆነ ይነሣለታል። እኩል ሳይሆን ካለቀ ሽንፈቱ በእሱ ስም ይጻፋል።"

"ሜዳው ላይ ያሉት ዘጠኝ ናቸው።"

"አዎ። የሚጻፈው ግን በአንድ ሰው ስም ነው።"

ሕሩይ ይህን ሲያስብ ቆየ። ስሙ ደግሞ የእሱ ነው። ለስምረት ደወለ። "አስወጡት።"

"ተጎዳ?"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"አላውቅም ስምረት። ሰው አጨበጨበለት።"

"ካጨበጨቡለት ጥሩ ነው ማለት ነዋ።"

"አይመስለኝም" አለ። የእሷ ማሽን ከወዲያ ሲጮህ ሰማ፤ መጣሁ ብላ ዘጋችው።

መውጣት ይችል ነበር። ልጁ ከእንግዲህ አይመለስም ተብሏል። ግን ያ እኩል መሆን የሚባለው ነገር ያዘው። ቡድኑ ሦስት ሲያገባ እጁን አጣምሮ ወደፊት ተጠጋ። ሌላኛው ቡድን ሦስት ሲጨምር ወደኋላ ተደገፈ። ጆይስ ስታዲየሙ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው አካባቢ እንደሚቀመጡ ነገሩት።

"ይህን ያህል እየተሸነፉ ለምን ይመጣሉ?" አላቸው።

ሴትዮዋ ጥያቄው አዲስ የሆነባቸው መሰሉ። "ቶርንተን ነው የምኖረው" አሉ። "ባቡሩ ቅርብ ነው።"

ሌላ ይጨምሩ እንደሆነ ጠበቀ፤ እሳቸው መጻፋቸውን ቀጠሉ። ጨዋታው ስምንት ለሦስት አለቀ። ጆይስ ወረቀቱ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ጻፉና አሳዩት፤ በስሙ ፊት ዜሮና አንድ ቁጥር ነበር። ዜሮው ድል፣ አንዱ ሽንፈት መሆኑን ሳይጠይቅ ገባው።

ቤተሰብ የሚጠብቅበት ኮሪደር ውስጥ ስምረት ፈረቃዋን ጨርሳ ከነሥራ ልብሷ እያለከለከች ደረሰችበት። ቃለአብ ጸጉሩ እርጥብ እንደሆነ ሻንጣ ይዞ ወጣ። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከእሷ ትከሻ በላይ አባቱን አየና፣ "አባ፣ መጣህ" አለ።

"መጣሁ። ሻንጣው ምንድን ነው?"

"ወደ አልበከርኪ እየመለሱኝ ነው። ፍላይቴ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።"

ስምረት ለቀቀችው። "አባረሩህ?"

"ኖ፣ እማ። ሰንድ ዳውን ነው ያደረጉኝ፣ ወደ ታችኛው ቡድናቸው። ነገ ሌላ ፒቸር ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ምናልባት መልሰው ይጠሩኛል።"

"መቼ?" አለ ሕሩይ።

"አይታወቅም። ላይጠሩኝም ይችላሉ።"

"ታዲያ ሥራ አለህ ወይስ የለህም?"

"አለኝ።" ቃለአብ ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። "በቃ እንደበፊቱ ነኝ። ዛሬ ግን በጣም መጥፎ ነበርኩ። አየህ አይደል?"

ሕሩይ መጥፎ ነበርክ እንዳይለው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጥሩ ነበርክ እንዳይለው ቁጥሩን አይቷል። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ሦስቱም ማዕዘን ላይ ሰው ቆሞ ሳለ፣ ያ ተቀምጦ የሚቀበለው ልጅ የሆነ ነገር ነገረህ። ሁለቴ እንቢ አልከው። ምን ነበር ያለህ?"

ቃለአብ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "አይተኸኛል?"

"አይቻለሁ።"

"ፋስትቦል ወርውር አለኝ፤ ፈጣኑን። እኔ ደግሞ ሲንከር ፈለግኩ፣ ሲደርስ ወደ ታች የሚወርደውን። ከመታው መሬት ለመሬት ይሄዳል ብዬ ነው።" ቃለአብ እጁን ዘርግቶ በሌለ ኳስ ላይ ጣቶቹን እንዴት እንደሚያስቀምጥ አሳየው። "እዚህ ከተማ አየሩ ስስ ነው፣ ከፍ ያለ ኳስ ይበራል። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ሲንከሩ አልወርድ አለኝ። ለምን እንደሆነ አይ ዶንት ኖው። እስካሁን አልገባኝም።"

"ለአንተም አልገባህም?"

"ኖ።"

ሕሩይ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጁ የሚያውቀውና እሱ የማያውቀው አንድ ነገር እዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለ ይመስለው ነበር።

ወደ መኪናው ሲሄዱ ሻንጣውን ራሱ ያዘ። ስምረት ለልጇ በልቶ እንዲሄድ ትለምነዋለች፤ እሱ ጊዜ የለም ይላታል።

"እንደገና የምትወረውረው መቼ ነው?" አለ ሕሩይ።

"በአምስተኛው ቀን። ሐሙስ።"

ስምረት ቀድማ አሰበችው። "ሐሙስ እንቁጣጣሽ ነው። ዘመድ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚመጣው።"

"ምንትዋብ ቤት ይሁን። እኔ ደውዬ እነግራታለሁ" አለ ሕሩይ።

ስምረት ቆመች። እህቱ ምንትዋብ ይህን እንዴት እንደምትሰማው ሁለቱም ያውቃሉ።

"አባ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ድራይቭ ነው" አለ ቃለአብ። "ደግሞ ልሸነፍ እችላለሁ።"

ሕሩይ ስልኩን አውጥቶ የፈረቃ አለቃው ዘንድ ደወለ።

"ሐሙስና ዓርብ አልገባም" አለ።

"አሞህ ነው?"

"ደህና ነኝ። አልበከርኪ እሄዳለሁ።"

"ምን አለ እዚያ?"

ሕሩይ ሻንጣውን ከኋላ አስገብቶ መኪናውን ዘጋ። "ልጄ ይወረውራል" አለ።