ሦስተኛው ብሎን

«ሁለቴ አስበየድኩት፤ ሁለቴም ተሰበረ። ቆይ፣ ለምንድን ነው የሚሰበረው?» አለች ዘሊካ።

አንዋር ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ «አይቼ እነግርዎታለሁ፣ እትዬ ዘሊካ» አላት። አይቼ ካለ አይቶ ነው የሚናገረው። ሃያ ዓመት ከሚሴ ላይ ጋራዥ ከፍቶ ሲሠራ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ሰንበቴ ድረስ መንገድ ላይ የቀረ መኪና መጨረሻው እሱ ደጅ ነበር።

ዘሊካ የፍየል ነጋዴ ናት። ሰኞ ባቲ ገበያ የገዛቻቸውን ስልሳ ፍየሎች በራሷ የጭነት መኪና አስጭና ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሚሴ መግቢያ ሲደርሱ የሞተሩን ማቀዝቀዣ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተፈናጥሮ ወጣ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀዩ ላይ ደረሰ። ሾፌሯ ባንተይርጋ እያቆመና እያስነሳ እንደምንም ጋራዡ በር ላይ አደረሳት። የተሰበረው ቺንጋውን የምትወጥረው መዘውር፣ የፑሌጃዋ ማሰሪያ ነው፤ ፑሌጃዋን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ስታፋ የሚሉት ብረት።

የግንቦት ፀሐይ የመኪናውን ብረት ምጣድ አድርጎታል። ዘሊካ ፍየሎቹ እንዳያልቁባት ሰው ጠርታ ታስወርድና ወደ ዛፉ ጥላ ታስነዳ ጀመር። አንዋር ጨርቁን ናፍጣ ውስጥ ነክሮ፣ ስታፋው የተነቀለበትን የሞተሩን ጎን ጠረገው። ሁለት የብሎን ቀዳዳ ታየው። ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ግሪስ የተሞላ ነገር አየ።

«እሱ ጋ ምንም የለም» አለ ባንተይርጋ ፈጠን ብሎ። «ድሮም በሁለት ብሎን ነው የምትታሰረው።»

አንዋር ጠጋ አለ። ግሪሱን በጣቱ ዛቀው። በራሱ ጊዜ የተጠራቀመ አይደለም፤ ሰው ሆን ብሎ የጠቀጠቀው ነው። ከሥሩ ሦስተኛው ቀዳዳ ወጣ፤ ውስጡ የተቆረጠ ብሎን ተቀርቅሯል። የሦስት ብሎን ሸክም ሁለቱ ላይ ወድቆ ሲከርም ስታፋው ምን ያድርግ? በያጁ ማንም ይሁን ማን፣ መሰበሩ አይቀርም ነበር።

ቀና ብሎ ባንተይርጋን አየው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አሁን ግን ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል።

«ጋሼ፣ ይሄን እኔ አወጣዋለሁ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሳቸው የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው፤ ለምን ይሰበራል ነው ያሉኝ። መልሱን ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።»

«ታባርረኛለች።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልዋሻቸውም።»

ባንተይርጋ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ወደ ዛፉ ሄደ። አንዋር ጆሮውን ባይጥልም የሚሉት ይሰማው ነበር።

«ጥቅምት ላይ የስታፋው ሦስተኛ ብሎን ላልቶብኝ ሳጠብቀው እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ፈራሁና በግሪስ ደፈንኩት። የሚሰበረው ለዚያ ነው።»

«ያ ረቢ!» አለች ዘሊካ። «ያንን የበየደልንን ሰው እኮ በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ! አንተ አጠገቤ ቆመህ!»

«አዎ።»

«ስንመለስ አብረን ሄደን ይቅርታ እንለዋለን። መጀመሪያ የምትናገረው አንተ ነህ። ለሌላው ደግሞ፣ ባንተይርጋ፣ ብሎን ነው የተቆረጠው። ብሎን ብለህ ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?»

ባንተይርጋ አቀርቅሮ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አንዋር ባትሪውን ፈትቶ የብየዳ መነጽሩን አጠለቀ። አደገኛው ሥራ ይሄ ነው፤ እሳቱ ከተቆረጠው ብሎን አልፎ የቀዳዳውን ጥርስ ካገኘው ሞተሩ ራሱ ይበላሻል። «ቢስሚላህ» ብሎ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቻ የቀለጠ ብረት ጠብ ጠብ እያደረገ አሳደገው፤ ቁልፍ እንዲይዝለትም ላዩ ላይ ዳዶ አስቀምጦ አንድ ላይ በየዳቸው። ሲቀዘቅዝ በቁልፍ ቢይዘው ዳዶው ተላቆ እጁ ላይ ቀረ። ባንተይርጋ ፊቱን አዞረ። አንዋር ግን አልደነገጠም። በመጀመሪያው እንቢ የሚል ብሎን ስንት አይቷል! ሌላ ዳዶ በየደ። ዘይት አንጠባጠበበትና ጥቂት ወደ ግራ፣ መልሶ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ሳይቸኩል አነቃነቀው። ሲጥ አለ። ደግሞ ሲጥ አለና መዞር ጀመረ።

«ባኤ!» ብሎ ጮኸ። «ወጣ፣ እትዬ ዘሊካ!»

«አልሐምዱሊላህ!»

ስታፋውን ግን ሊበይደው አልፈለገም። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ፣ ብየዳ የማይወድ ብረት ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ እሳት በልቶታል። ከወፍራም ብረት አዲስ ቆርጦ፣ የድሮውን ስብርባሪ ላዩ ላይ ገጥሞ ሦስት ቀዳዳ በሳ፤ ጠርዙን በሞረድ አስተካከለ። ካሰረው በኋላ ፑሌጃዎቹ ላይ ሲባጎ ወጥሮ አያቸው። አዲሱ ስታፋ የያዛት ፑሌጃ በአንዲት ቀጭን የብሎን ቀለበት፣ በሮንዴላ ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ገብታለች። ፈታውና ከሥሩ ሮንዴላ ጨመረ። ሲባጎው አሁን ሁሉንም እኩል ነካ።

የመጨረሻውን ብሎን ሊያጠብቅ ሲል ቁልፉን ለባንተይርጋ ዘረጋለት። «እርስዎ ያጥብቁት። እኔ በቃ ስል ያቁሙ።»

ባንተይርጋ እያመነታ ተቀበለው። አንድ ዙር፣ ግማሽ፣ ሩብ።

«በቃ!»

ቺንጋው ተመልሶ ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ፣ ሳይንጫጫ ቀጥ ብሎ ሮጠ። ግማሽ ሰዓት አስነስተው ጠበቁት፤ ሙቀቱ ከመሀል አላለፈም። ፍየሎቹ ተመልሰው ተጫኑ፤ ዘሊካም ከሾፌሩ ጎን ገብታ በሩን ዘጋች።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የአንዋር ስልክ ጮኸ። ባንተይርጋ ነው፤ ከኋላው ፍየሎቹ ይሰማሉ።

«የጣርማበርን ዳገት ጨረስን!» አለ። «ጭጋግ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለም። ቆሜ ቺንጋውን እየነካሁት ነው።»

«ሞተሩን አጥፍተው ነው?»

«አዎ፣ አጥፍቼ» አለና ሳቀ።

አንዋርም እየሳቀ ስልኩን ዘጋው።