አንድ ቀን የቀደመ ድምፅ

በሾታ የአውሮፕላን ሜዳ ድምፁ ከአውሮፕላኑ አንድ ቀን ቀድሞ ይደርስ ነበር። አውሮፕላኑ በሳምንት አንዴ፣ ረቡዕ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ድምፁ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።

ማክሰኞ በጎቻ ተራራ በስተቀኝ ሞተር ይሰማል። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ጎማው ሣር ይነካል፣ ሜዳውን እስከ ጫፍ ድረስ ይንከባለልና ሞተሩ ይጠፋል። ከዚያ የተሳፋሪዎቹ ወሬ ይሰማል፤ ማን እንዳስመለሰው፣ የማን ዶሮ እንደታፈነች፣ ደመናው ውስጥ ማን ስንት ስለት እንደተሳለ። ረቡዕ አውሮፕላኑ ያለ ድምፅ ይመጣል። የተሳፋሪዎቹ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወርደው እግራቸው ሣሩን ሲነካ ድምፃቸው ይመለሳል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ለሾታ ሰው ምቹ ነበር። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ማክሰኞ ሜዳው ዳር መጥቶ ይቆማል። የእንግዳውን ድምፅ ከሰማ በግ ሊገዛ ይሄዳል፤ ካልሰማ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እኔ የሜዳው ሠራተኛ ነበርኩ። ጭነት እመዝናለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ አየሩን በሬዲዮ ለዋናው ጣቢያ እናገራለሁ። አየሩ ደህና ከሆነ «ክፍት» እላለሁ። ደመና ከተኛ «ዝግ» እላለሁ። ዝግ ካልኩ አውሮፕላኑ አይነሣም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በቡና መጋዘን ጆንያ ተሸክሜያለሁ። የምተኛውም ጆንያው ላይ ነበር። ማጅራቴ ላይ ያለው እብጠት የዚያ ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የሜዳው ሥራ ክፍል ነበረው፤ ክፍሉ አልጋና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ነበረው።

ሥራ በገባሁበት በመጀመሪያው ወር ስለ ድምፁ ለዋናው ጣቢያ ነግሬ ነበር። የሬዲዮው መስመር የጋራ ነው፤ ስድስት ሜዳዎች ሰሙኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ነቢዩ ሆነ። «ነቢዩ፣ ሚስቴ ወንድ ነው ሴት የምትወልደው?» ይሉኛል። «ነቢዩ፣ የነገ ወጥ ጨው አንሶታል እንዴ?» ይሉኛል። ዳግመኛ አላነሣሁትም።

ሁለት ጊዜ በሐሰት ዝግ ብያለሁ። አንዴ ወባ ጥሎኝ ጭነት የማነሣበት ጉልበት ስላልነበረኝ ነው። አንዴ የሾታ ሰዎች ለሠርግ ፈረስ ሊጋልቡበት ሜዳውን ስለለመኑኝ ነው። ሁለተኛውን የጎረቤት ሜዳ ሠራተኛ አጋለጠው፤ ከእሱ ዘንድ ሲታይ ሰማያችን ጥርት ያለ ነበር። የዋናው ጣቢያ ኃላፊ አቶ ድንበሩ በጋራ መስመሩ ላይ «ሦስተኛ ከዋሸህ ወደ ጆንያህ» አሉኝ። ስለ ጆንያው ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ሜዳውን የሚጠብቁት አቶ ሻዎ ነበሩ። ሣር ያጭዳሉ፣ ከብት ያባርራሉ። ከሬዲዮ ክፍሉ እስከ ከብቱ በረት ስድስት መቶ ሜትር ስለሆነ የምንነጋገረው በእጅ ነው። ክንድ መዘርጋት ክፍት ነው። ክንድን ከራስ በላይ ማመሳቀል ዝግ ነው። ክፍት ካልኳቸው ከብቱን በበረት ያቆዩታል። ዝግ ካልኳቸው ሜዳው ላይ ይለቁታል፤ ሣሩ የመንደሩ ነው።

አቶ ሻዎ ሚስታቸው ሞታለች። አስካለ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እግሯ ተሰብሮ ጅማ ሆስፒታል ሦስት ወር ተኝታ ነበር። ድና በዚያ ረቡዕ እንደምትመለስ ተነገራቸው።

ማክሰኞ መንደሩ ሁሉ ማዶ ለቅሶ ሄዶ ነበር። አቶ ሻዎና እኔ ብቻ ሜዳው ዳር ቆምን። እሳቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ልጃቸው ነገ እንጂ ዛሬ እንደማታያቸው አልነገርኳቸውም፤ ያውቁታል።

አራት ሰዓት ላይ ሞተሩ መጣ። በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ያውና አባዬ!»

አቶ ሻዎ ባዶውን ሰማይ አይተው እጃቸውን አውለበለቡ።

«አንዴ እንዞራለን» አለ የካፒቴን ዘርጋው ድምፅ። «ቀበቶ እሰሩ።»

ድምፁ ወደ ግራ ዞረ፤ ወደ ጎቻ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

አቶ ሻዎ እጃቸውን አወረዱ። «አረፈ?»

«አላረፈም።»

«ወደቀ?»

«የሚወድቅ ነገር ድምፅ አለው፣ ጋሼ ሻዎ።»

«ታዲያ?»

«ቆመ።»

እስከ ቀትር ጠበቅን። ምንም አልመጣም። አቶ ሻዎ ጋቢያቸውን አውልቀው አጠፉትና ክንዳቸው ላይ አደረጉት።

«ነገ ዝግ በላቸው» አሉኝ።

«እላለሁ።»

«ማል።»

«አልኩ እኮ፣ ጋሼ።»

«ማል ብዬሃለሁ!»

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» አልኩ።

አባቴን አላውቀውም። ይህን ግን ለእሳቸው መናገር አላስፈለገም።

ረቡዕ ሲነጋ ሰማዩ የታጠበ ነበር። ከጎቻ ትከሻ ላይ አንድ ደመና ብቻ ተቀምጧል። ከአንድ ጎጆ ብዙም አይበልጥም። አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

«ሾታ፣ ሾታ። አየሩ?»

በመስኮት ደመናዋን አየሁ።

«ነቢዩ ሱባዔ ገብቷል» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ሾታ» አሉ አቶ ድንበሩ፣ «ጎረቤትህ ተራራህ እስከ ጫፉ ይታየኛል ብሏል። ላንተስ ምን ይታይሃል?»

«ደመና አለ።»

«የት?»

«ጎቻ ላይ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

አሁን የሳቁት ሁሉም ናቸው። አቶ ድንበሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ስማኝ ልጄ። ካፒቴን ዘርጋው ሊነሣ ያንተን ቃል እየጠበቀ ነው። አምስት ሰው አሳፍሯል። ታሪክ አልጠየቅሁህም። አንድ ቃል ስጠኝ።»

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ሰከንድ ያህል ነው።

«ክፍት» አልኩ።

«አያችሁት? ሲፈልግ ይችላል» አሉ አቶ ድንበሩ።

«አመሰግናለሁ ሾታ፣ ሰምቼሃለሁ» አለ ካፒቴን ዘርጋው። እሱ ነቢዩ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሬዲዮውን ዘግቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። አቶ ሻዎ ከሜዳው ማዶ፣ ከበረቱ በር ላይ ቆመዋል። ከዚያ ርቀት ፊታቸው አይለይም። ክንዳቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ከራሳቸው በላይ አመሳቀሉት። የትኛው ነው ማለታቸው ነው።

እኔ ክንዴን ከራሴ በላይ አመሳቀልኩ።

ለምን እንዳደረግሁት አሁንም በትክክል መናገር አልችልም። ለሁለቱም መስማት የሚፈልጉትን መስጠት ነበር። አቶ ሻዎ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ጎንበስ አሉ። ከዚያ የበረቱን መዝጊያ አነሡና ከብቱን ለቀቁት። አርባ የሚሆኑ ከብቶች ሜዳው ላይ ተበተኑ።

እያየሁ ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ነበረኝ። ስድስት መቶ ሜትር ተራምጄ ልነግራቸው እችል ነበር። ወይም ሬዲዮውን እንደገና መክፈት እችል ነበር። የጭነት ሚዛኑን ወለወልኩ።

አራት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ መጣ። ድምፅ ስለሌለው ከብቶቹ ቀና አላሉም። አቶ ሻዎ ያወቁት ጥላው ሣሩ ላይ ሲያልፍ ነው። ዱላቸውን ይዘው እየጮኹ ሮጡ። አንዲት ላም ብቻ ተንቀሳቀሰች። አውሮፕላኑ በላያቸው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከመስኮቱ ጀርባ አስካለን አየኋት። እጇን እያውለበለበች አፏን ከፈተች። ምን እያለች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትናንት ሰምቼዋለሁ።

ሜዳው ላይ ከብት ያየ አብራሪ ሜዳው እስኪጸዳ አንድ ዙር ይዞራል። ካፒቴን ዘርጋው ወደ ግራ ዞረ። በግራ ጎቻ ነው። አውሮፕላኑ ጎጆ የምታህለው ደመና ውስጥ ገባ። በሌላኛው ጎኗ አልወጣም። ደመናዋም አልሰፋችም።

አቶ ሻዎ እያለከለኩ ወደ እኔ መጡ።

«ዝግ አላልካቸውም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ያመጣቸዋል?»

«አልሰሙኝም።»

አቶ ሻዎ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ከዚያ እጄን ያዙና ሳሙት። «አንተ ምን ታደርግ» አሉ። «የድሃ ቃል ማን ይሰማል።»

እጄን አልነጠቅሁም።

ወደ ጎቻ ወጣን። መንገዱ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ነው፤ ዛፉ ሁሉ ሽበት የመሰለ ነገር ለብሶ ውኃ ያንጠባጥባል። አልቅት ከቅጠሉ ላይ ይወርዳል። አቶ ሻዎ ከፊት ይሄዳሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ከለቅሶው የሚመለሱ ሁለት ሰዎች አገኘን። አቶ ሻዎ የሆነውን ነገሯቸው፤ ሲጨርሱም ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይህ ልጅ ዝግ ብሏቸው ነበር። ሹሞቹ ናቸው እምቢ ያሉት።»

ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ትልቁ «ያባትህን ቤት ይባርክ» አለኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረስን። ደመናዋ ከአንድ ገደል አፍ ላይ ተቀምጣለች። ከገደሉ ጫፍ ዐሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከበታቹ ምንም ሳይኖር፣ በሣሣችው ደመና ውስጥ አውሮፕላኑ ቆሟል። አልተሰበረም። ከፊቱ ያለው ውልብልቢት ይሽከረከራል፤ ቅጠል ግን አያነቃንቅም። ካፒቴን ዘርጋው ወንበሩ ላይ ነው። ተሳፋሪዎቹ አምስቱም አሉ። አስካለ አባቷን ስታይ ሁለት መዳፎቿን መስኮቱ ላይ ለጠፈች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ምን ትላለች?» አሉ አቶ ሻዎ።

«አሁን የምትለውን እዚሁ ትናንት ብላዋለች።»

«ትናንት ማን ሰማት?»

«ማንም። እኛ ሜዳው ላይ ነበርን።»

አቶ ሻዎ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸዋል። እስከ ገደሉ ጫፍ ሄዱ። አንዲት ዛፍ ይዘው ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ። ዐሥር እርምጃ በእጅ አይደረስም። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን መለሱ።

«እሷስ እኔን ትሰማለች?»

«ትሰማለች። ከውጭ ያለ ሰው ሲናገር ሁልጊዜ ይሰማሉ።»

ይህን ባልላቸው ጥሩ ነበር።

«አስኩ!» ብለው ጮኹ። «አይዞሽ ልጄ! እዚህ ነኝ!»

አስካለ ፊቷን መስኮቱ ላይ አስጠጋች።

«ይህ ልጅ ነግሯቸው ነበር!» አሉ አቶ ሻዎ። ትከሻዬን ይዘው እንድታየኝ ወደ ፊት አቀረቡኝ። «ዝግ ነው ብሎ ነግሯቸው ነበር! የሰማው የለም እንጂ ልጁ ነግሯቸዋል!»

አስካለ አየችኝ። ካፒቴን ዘርጋውም አየኝ። የሬዲዮውን ማዳመጫ ቀስ ብሎ ከጆሮው ላይ አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ለተሳፋሪዎቹ አንድ ነገር ነገራቸው። ብዙ አልነበረም። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ መስኮቶቹ መጡ።

በመጀመሪያ አስካለ ተናገረች። ከእሷ ኋላ አንድ ሽማግሌ፤ ቀጥሎ ልጅ ያዘለች ሴት። በመጨረሻ ሁሉም እኩል ይናገሩ ጀመር፤ ይላሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይላሉ።

«አንድ ቃል ነው» አሉ አቶ ሻዎ። «ሁሉም የሚሉት አንድ ቃል ነው።»

«ይሆናል።»

«አንተ የተማርክ ነህ። ምንድን ነው?»

«አላውቀውም» አልኩ።

አቶ ሻዎ ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አላነሡም። አስካለ ይህን ስታይ ቃሉን ለሕፃን እንደምታስተምር ሰው በዝግታ፣ ከንፈሯን እያጎላች ትለው ጀመር። አቶ ሻዎም ያለ ድምፅ ይከተሏት ጀመር። አፋቸውን ትንሽ ከፈቱ። የታች ከንፈራቸውን ከላይ ጥርሳቸው ጋር አገናኙ። ለቀቁት።

አስካለ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ዝግ» ሲባል ከንፈር ጥርስ አይነካም።

እንደገና አፋቸውን ትንሽ ከፈቱ፤ ከንፈራቸውን ከጥርሳቸው ጋር አገናኙ፤ አሁን ምላሳቸውም ተከተለ። ከመስኮቶቹ ኋላ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ውልብልቢቱ ይሽከረከራል። ለሦስተኛ ጊዜ አቶ ሻዎ ትንፋሽ ሳቡ።

እጃቸው አሁንም ትከሻዬ ላይ ነበር።