ዙህራን ለማሻገር

የዐፊፋን ልጅ ዙህራን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ የጫነ ጋሪ ሄደባት። ዳገቱ ላይ ፈረሱ ደክሞ ጋሪው ወደ ኋላ ሲንሸራተት እሷ ለአባቷ ክር ገዝታ በዚያው በኩል ትመለስ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። የግራ ጭኗ አጥንት ተሰበረ። ጎረቤት ተረባርቦ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደነበረች አንዲት ትንሽ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሌሊቱንም እዚያው አደረች።

ዐርብ ረፋድ ላይ ፈረንጁ ሐኪም እግሯን አይቶ ብዙ ተናገረ። አስታማሚው ገብረዮሐንስ የሐኪሙን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ዝግተኛ ሰው ስለሆነ፣ ወላጆቿ እስኪነግራቸው ድረስ አፍ አፉን ያዩ ነበር። የተሰበረው አጥንት ጫፉ እንደ ስለት ሆኗል አላቸው። ትልቁ የደም ሥር የሚያልፈው በአጠገቡ ነው። ልጅቱ ካልተናወጠች ደህና ናት፤ ከተናወጠች ግን አጥንቱ ሥሩን ይቆርጠውና ደሟ ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ማንም አይደርስላትም። ቀዶ የሚያክም ሐኪም ያለው ደግሞ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ባለው በትልቁ ሐኪም ቤት ነው። እብጠቱ እየጨመረ ስለሆነ ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ መሻገር አለባት።

አባቷ ሲራጅ ልብስ ሰፊ ነው። መኪና ያለው አንድ ደንበኛ ስለነበረው ሮጦ ሊለምነው ተነሣ። ገብረዮሐንስ ግን ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ድንጋዩ ያፈጠጠ እንደሆነና መኪና በዚያ ላይ ጤነኛውንም ሰው እንደሚያዘልል ነገረው። ከመኪና የሰው ትከሻ ይሻላል። ችግሩ የሐኪም ቤቱ ቃሬዛ ሸራ መሆኑ ነው፤ መሐሉ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም ጭኗን ያጥፈዋል። ጠፍጣፋና የማይረገብ ነገር ያስፈልጋል።

ካላዩ የሚባለው ጎረቤታቸው እዚያው ቆሞ ነበር። ከትግራይ መጥቶ አራዳ ውስጥ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ከሰው ሁሉ በላይ በአንገት የሚበልጥ ሰው ነው።

«የቤቴን በር ልንቀለው?» አለ። «ሌባም ቢገባ አዝኖልኝ አንድ ነገር ጥሎልኝ ይሄዳል እንጂ የሚወስደው የለም።»

ግን በሩ ወፍራም ጥድ ነው፤ ተሸክመውት ያን ዳገት እንደማይወጡት ራሱም ያውቃል። ሲራጅ መሬት መሬቱን እያየ፣ የመስጊዱ ቃሬዛ ጠፍጣፋ ሳንቃ እንደሆነ ተናገረ።

ዐፊፋ ቀና ብላ አየችው። የመስጊዱ ቃሬዛ የሚወጣው ሬሳ ወደ መቃብር ሲሄድ ብቻ ነው።

«ልጄን በቁሟ ጀናዛ ልታደርጋት ነው?»

«ሌላ ካለ ንገሪኝ፣ ዐፊፋ።»

ሌላ አልነበረም። ዐፊፋ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ባይኗ ዞረችው፤ አግዳሚውንም፣ መደርደሪያውንም። በመጨረሻ ነጠላዋን አጣፍታ ከልጅዋ ራስጌ ተቀመጠች። ሲራጅም እሺ እንዳለችው ገባውና ወጣ።

ቃሬዛውን ያመጣው የመስጊዱ ጠባቂ ሼህ ቡሽራ ራሱ ነው። ሽማግሌው ሳንቃውን አጥቦት ስለነበር ገና አልደረቀም። ወደ ዐፊፋ ሲገባ ዓይኗን ፈርቶ ይሁን አዝኖላት፣ ከሠላምታው በፊት ይህን አለ፤ «ስንት ዘመን ስጠብቀው ከዚህ ላይ በእግሩ የወረደ ሰው አላየሁም። ዛሬ አላህ ካለ አያለሁ።»

ገብረዮሐንስ የልጅቱን እግር ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በጣውላ አስሮ፣ በግራና በቀኝ ብርድ ልብስ ጠቅጥቆ አስተኛት። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀ። አንድ ሰው የታሰረውን እግር ጣቶች ይዞ ይሂድ። ጣቶቹ ከሞቁ ደም እየደረሰ ነው። ከቀዘቀዙ እብጠቱ ማሰሪያውን አጥብቆታል ማለት ነው፤ ወዲያው አውርደው ያላሉት፤ እስኪሞቁም እንዳያነሧት። እሱ ራሱ አብሮ እንዳይሄድ ሐኪሙ ብቻውን ይቀራል፤ ደጅ ሙሉ ሕመምተኛ ነበር።

እግሯን ሲራጅ ያዘ። ከጎረቤት የመጡትን አራት ተሸካሚዎች በቁመት አስተካከሉ፤ ካላዩ አቻ ስላልነበረው ከኋላ ሆኖ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ እንዲሄድ ተፈረደበት። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር በዙህራ ፊት ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አደረጉላት። ዐፊፋ ልትከተል ስትነሣ፣ ዳገቱን ስለማይችል አብሮ የማይሄደው ሼህ ቡሽራ እጁን ዘርግቶ፣ «አንቺ እዚሁ ቆዪ፣ ልጄ። ሴት ይህን አትከተልም» አላት።

እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሥርዓት ስለሆነ እሺ ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ወንዶች ያን ቃሬዛ ሲያነሡ ሴቶች ቤት ይቀራሉ፤ አባቷም ሲሄድ፣ ወንድሟም ሲሄድ እንዲሁ ተቀምጣለች። ቃሬዛው በአጥሩ ጥግ ዞሮ ጠፋ። ዐፊፋም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች።

ጥቂት ቆይታ ግን፣ ለምን ተቀመጥኩ ብላ ራሷን ጠየቀች። ሴት የምትቀረው ለሞተ ሰው ነው። ተነሣች።

መንገዱን ስትጀምር የጁምዓ ሶላት አብቅቶ ሕዝቡ ከመስጊዱ እየወጣ ነበር። ቃሬዛው ደግሞ በዚያው በር ፊት ማለፍ አለበት። የመስጊዱን ቃሬዛ የማያውቅ በሰፈሩ የለም። ጀናዛ ሲያልፍ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ የለም፤ ጥቂት ርምጃ እንኳ መሸከም ምንዳ ስለሆነ እያንዳንዱ ትከሻውን ለማስገባት ይሽቀዳደማል፤ ሬሳን ማቻኮልም ደግ ነው ይባላል። ዐፊፋ ከዳገቱ አፋፍ ሆና ቁልቁል ስታይ አራቱ ሰዎች አልነበሩም። ቃሬዛው ከነጭ ቆብ ባሕር በላይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» የሚለው ድምፅ እስከ እሷ ድረስ ይሰማል።

ካላዩን መንገድ ዳር አገኘችው። አንዲት ነጠላ ያዘቀዘቀች ክርስቲያን ሴትዮ አጠገቡ ቆማ ስታለቅስ እሱ ይለምናታል፤ «እመቤቴ፣ እንባዎን ያስቀምጡት፤ ለሌላ ቀን ይሆንዎታል። ልጅቱ አለች።» ዐፊፋን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሸክሙን ነጥቀው ከመንገድ እንዳስወጡት፣ ሕያው ናት ብሎ ቢጮህም በጩኸቱ መሐል እንዳልተሰማ ነገራት። ሲራጅንም ገፍተው ከእግሯ አላቀውታል።

«አልሞተችም፣ አልሞተችም እያለ ያለቅሳል» አላት። «እነሱ ደግሞ አቅፈው፣ ሶብር አድርግ፣ ቻለው፣ አላህ የሰጠውን ወሰደ ይሉታል። አባት እንዲህ ቢል ማን ያምነዋል?»

ዐፊፋ ከኋላ ብትከተል እንደማትደርስ አየች። በሱቆቹ መሐል ወደ ወንዙ የሚወርድ አቋራጭ አለ፤ ውኃ ስትቀዳ የኖረችበት ነው። ጫማዋን አውልቃ በዚያ ወረደች። ከድልድዩ አፍ ስትደርስ ሰልፉ ገና ከላይ እየመጣ ነበር። ከመንገዱ መሐል ቆመች።

ፊት ፊት የሚመጡት ወንዶች አይተዋት ርምጃቸውን ቀነሱ። ሴት ከጀናዛ ፊት ቆማ አይተው አያውቁም። ከኋላ ያሉት እየገፉ፣ ከፊት ያሉት እየመከቱ፣ ሁሉም ድልድዩ አፍ ላይ ተጠራቀመ። ጺሙን ሒና የቀባ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ፣ ሳይቆጣ ተናገራት።

«ልጄ፣ ሐዘንሽን አላህ ያቅልልሽ። ግን ዞር በይ፤ ሴት በጀናዛ ፊት አትቆምም።»

«ለዚሁ ነው የቆምኩት፣ አባቴ» አለች። «ጀናዛ ቢሆን ቤቴ እቀመጥ ነበር።»

ሽማግሌው ወደ ቃሬዛው ዞሮ አየ። ቃሏ ወደ ኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ጩኸቱ ከፊት ጀምሮ እየከሰመ ሄደ፤ በመጨረሻ የወንዙ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ዐፊፋ ቃሬዛውን እንዲያወርዱ በእጇ አሳየቻቸው። መጀመሪያ ወደ ጉልበት፣ ከዚያ ወደ መሬት፣ አራቱም ጫፍ እኩል። ነጠላውን ገለጠችው። ዙህራ ላብ አጥምቋት፣ ዓይኗ ቁልጭ ቁልጭ ይላል።

«እማዬ፣ እነሱ ላ ኢላሀ ሲሉ እኔም አብሬያቸው አልኩ» አለች። «ግን በጣም ይሮጣሉ። ያመኛል።»

አጠገቧ የነበረ ጎረምሳ የቃሬዛውን እጀታ እንደያዘ በርከክ አለ። ዐፊፋ ግን እሱን አላየችም፤ የልጅዋን እግር ጣቶች ይዛለች። ቀዝቃዛ ናቸው።

ገብረዮሐንስ ያለውን አስታወሰች። እብጠቱ ማሰሪያውን አጥብቆት፣ ጨርቁ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ቋጠሮውን በጥርሷ ለቀቀችው፤ ጣውላውን ሲራጅ፣ ከሕዝቡ መሐል ተጋፍቶ ደርሶ፣ ሳይንቀሳቀስ ያዘላት። ከላይ እስከ ታች አላላችውና ጣቶቹን በሁለት መዳፏ መሐል ይዛ ጠበቀች። አጥንቱ ሥሩን ቆርጦት ከሆነ ጣቶቹ አይሞቁም፤ ይህን እሷም ሲራጅም ያውቁታል። ስለዚህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ ጠበቀ። ከማዶ የመጡ አህዮች ሊያልፉ ቢሉ አንዱ በእጁ ምልክት አስቆማቸው። ባለ አህያው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ የልጅ እግር እስኪሞቅ ነው አሉት፤ እሱም ነገሩ እንደገባው ሁሉ ከአህዮቹ አጠገብ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የተሰማት አውራ ጣቱ ነው። የራሷ መዳፍ ሙቀት መስሏት እጇን አንሥታ፣ ጥቂት ቆይታ እንደገና ነካችው። ሞቋል። ጣቶቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ሲራጅን ቀና ብላ ብታየው ገና ከማየቷ ዓይኑን በእጅጌው ያዘው።

ከዚያ በኋላ የምታዝዘው እሷ ነበረች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ አሁንም አላለም፤ ግን ሁሉም ይሰማ ነበር። በቁመት እኩል የሆኑ አራት ሰዎች መርጣ አቆመች። ሲደክማቸው ሌሎች አራት፣ እነሱም እኩል፤ ሲቀያየሩ ቆመው እንጂ እየሄዱ አይደለም። ለመሸከም ያልተመረጠው ሕዝብ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አልቀረም፤ ወደ ፊት ቀድሞ ከዳገቱ ላይ ልቅ ድንጋይ እየለቀመ ወደ ዳር ይወረውራል፤ የሚመጣውን ጋሪና በቅሎ ያስቆማል። ካላዩም ደርሶ ተራ ቢጠይቅ አቻ ስለሌለው ከለከሉት። «እንግዲህ ከእናንተ የሚስተካከል ቁመት ከየት ልበደር» እያለ ከፊት ሆኖ ድንጋይ ለቀመ። ዐፊፋ ከልጅዋ እግር አጠገብ ሄደች፤ ጣቶቹን አልለቀቀችም። ዳገቱን እንዲያ ቀስ ብለው ወጡት።

የትልቁ ሐኪም ቤት ሰዎች ይህን ሁሉ ወንድ ሲያዩ በሩን ሊዘጉ ነበር። ሲራጅ ቀድሞ ገብቶ ከትንሹ ሐኪም ቤት የተላከችው ልጅ መሆኗን አስረዳቸው። ልጅቱን ከነሳንቃው ተቀበሏትና ወላጆቿን ብቻ አስገብተው በሩን ዘጉት።

ቀዶ የሚያክመው ሐኪም የወጣው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ነው። አስተርጓሚው በአጭሩ ነገራቸው። ሥሩ ተጭኖ ነበር እንጂ አልተቆረጠም። አጥንቱን አገናኝተውታል። ብዙ ጊዜ ትተኛለች፤ ስትነሣም ጥቂት ልታነክስ ትችላለች። ግን ትነሣለች። ሲራጅ የሐኪሙን እጅ ይዞ ቀረ። ዐፊፋ አየር ብታገኝ ይሻላል ብላ ወደ ደጅ ወጣች።

ሰዎቹ አልሄዱም ነበር። ከአጥሩ ሥር፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ፣ በየቦታው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ አንዱ ጨው ነጋዴ፣ አንዱ አንጥረኛ፣ ባለ አህያውም ከነአህዮቹ መጥቷል። ዐፊፋ ብቅ ስትል ሁሉም ተነሡ። ሳቅ አልባ ፊቷን አይተው ጥቂቶቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ።

«ትነሣለች አሉን» አለች።

አንዳንዱ አምላኩን አመሰገነ፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ልብሱን ማራገፍ ጀመረ፤ ካላዩ ባሕር ዛፉን ተደግፎ ፊቱን አዞረ። ጺሙን ሒና የቀባው ሽማግሌ ወደ እሷ ቀርቦ፣ እንደሚያፍር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዱዓ እንዳደርግላት የልጅቱን ስም ንገሪኝ አላት።

«ዙህራ ናት» አለችው።

ሽማግሌው ስሙን ደገመው። ከኋላው ያሉትም ደገሙት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።