ፔዳሉ ያልተረገጠ ብስክሌት

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። በሙያዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን አላየሁም። አባቴ ጡረታ ሲወጣ በገዛ እጄ የገጣጠምኩለትን ብስክሌት ላጸዳው ገልብጬ ሳቆመው፣ ጎማው ተበልቷል፤ ፔዳሉን ግን ጫማ የነካው አይመስልም። ሰንሰለቱ ላይ የቀባሁት ግሪስ እንኳ እንደነበረ ነው።

አባቴ በየቅዳሜው ጠዋት ይዞት ይወጣል። በወንዙ ዳር፣ በዛፎቹ ሥር የሚያልፍ፣ መኪና የማይገባበት አረንጓዴ መንገድ አለ። ላቡን እየጠረገ ይመለስና «እስከ ድልድዩ ደርሼ መጣሁ፤ ልብ ያርሳል!» ይላል። አምነዋለሁ። ለምን አላምነው? በልጅነቴ የብስክሌቴን መቀመጫ ከኋላ ይዞ እየሮጠ ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን መጨረሻዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ቢሆንም።

ታዲያ ፔዳሉ ሳይረገጥ ጎማው እንዴት አለቀ? ለሰው ያውሰው ይሆን? የተዋሰውስ ሰው ቢሆን ሳይረግጥ አይነዳ! ነገሩ ከነከነኝ። እናቴ «አንቺ ነገር ካልፈለፈልሽ ምግብ አይረጋልሽም» የምትለኝ በከንቱ አይደለም።

ቅዳሜ ሲደርስ የራሴን ብስክሌት አወጣሁ።

«አባዬ፣ ዛሬ አብሬህ ነኝ።»

«ሥራ የለሽም?» አለ ፊቱ ቅጭም ብሎ።

«ዘግቻለሁ።»

«እንግዲያው እስከ መንገዱ በእግር እናዝግም። መኪና ይበዛል።»

አረንጓዴው መንገድ ስንደርስም ብስክሌቱ ላይ አልወጣም። መጀመሪያ ወፍ አሳየኝ። ቀጥሎ የጫማው ክር ተፈታ። ከዚያ «የዚህ ዛፍ ስም ማነው?» አለኝ፤ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ዛፍ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ከጎኑ ቀስ እያልኩ እነዳለሁ፣ እሱ ይገፋል። ትንሽ እንደሄድን ፍርሃት ያዘኝ። ልቡን አሞት ደብቆኝ ቢሆንስ?

ቁጥቋጦ ሲከረክም የነበረ አትክልተኛ ገና ሲያየን መቀሱን አወረደ።

«ጋሼ! ዛሬም እየገፉት ነው? ኧረ መቼ ነው የሚወጡበት?»

አባቴ አንገቱን ደፋ።

«ታመህ ነው?» አልኩት።

«ምን አመመኝ! አልችልም እንጂ።»

«ምኑን?»

«መንዳት ነዋ! ነድቼ አላውቅም።»

«አንተ? እኔን ያስተማርከኝ?»

«ከኋላ ይዞ መሮጥ ምን ይከብዳል? ብስክሌቱን ስታመጪልኝ ደስታሽን አየሁና እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ይሄ ግን እያደር ከበደኝ።»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ። ብስክሌቴን ለአትክልተኛው አስያዝኩና አባቴን «ውጣ» አልኩት።

«እንዳትለቂኝ! ‹ይዤሻለሁ› እያልኩ እለቅሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዘዴውን አውቀዋለሁ።»

«አለቅህም።»

አላታለልኩትም። መቀመጫውን ይዤ ሮጥኩ። ሲንገዳገድ አቃናሁት፤ ሲቆጣኝም መሮጤን አላቆምኩም። ትንፋሼ ሊቆም ሲል ጀርባው ቀጥ አለ። ፔዳሉ በእግሩ ሥር መዞር ጀመረ።

«ልቀቂኝ» አለ ቀስ ብሎ።

እጄ እምቢ አለኝ። እሱስ ያኔ እንዴት አስችሎት ለቀቀኝ?

«ልቀቂኝ እንጂ፣ ልጄ!»

ለቀቅኩት። ደወሉን እያቃጨለ፣ እንደ ልጅ እየጮኸ ሄደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ መንገዱ ታጠፈ፤ እሱ ግን አልታጠፈም።

እኔና አትክልተኛው ሮጠን ስንደርስ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ።

«አባዬ!»

ቅጠል ከአፉ እየተፋ ብቅ አለ። ፊቱ እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «ይሄ ነገር የሚቆመው በምንድን ነው?»